ባለ አንድ ድራይቨሩ ስፒከር እኔም ቤት አለ

ሰሞኑን ጓደኛዬ ስለ ስፒከር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። «ያንተን በሽታ የሚጋራ ሰው ተገኘ» ይላል መልእክቱ። ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው የባለ አንድ ድራይቨር ስፒከር አፍቃሪ ናቸው። እኔም ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ሳጥኖች ቆመዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ አንዲት 10 ሳንቲ ሜትር ስፒከር ብቻ አለች። ሦስት ዓመት ሆናቸው። ስለዚህ ይህን ምላሽ የምጽፈው ነገሩን ጠልቼ አይደለም። መውደዳችን አንድ ሆኖ ምክንያታችን አልገጠመም። ጽሑፉን አምኖ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ይረግመናል፤ እሳቸውንም፣ እኔንም።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ድራይቨር ስል ሚኒባስ የሚነዳውን አይደለም። ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦና ወረቀት ያለው፣ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ነው። አብዛኛው የቤት ስፒከር ቢያንስ ሁለት አለው። ትልቁ፣ ወፈር የሚባለው፣ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል፤ ትንሹ፣ ትዊተር የሚባለው፣ ቀጭኑን። ሙዚቃውን ለሁለቱ የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት ክሮስኦቨር ይባላል። ባለ አንድ ድራይቨሩ ግን ከቤዝ ጊታሩ እስከ ጸናጽሉ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ለመወጣት ይሞክራል።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ክሮስኦቨር ሙዚቃን ይገድላል፣ የሌለው ንጹሕ ነው። ኢንጂነሮች አንዱን ትተው ወደ ብዙ ድራይቨር የሄዱት ለንግድ ብለው ነው። ለባለ አንዱ ሁለት ዋት አምፕሊፋየር ይበቃዋል። ቤዝ የሚመጣው ከሳጥኑ ነው እንጂ ከስፒከሩ ስፋት አይደለም። ቤቱ ውስጥ የትም ቢቀመጡ እኩል ይሰማል። ዋጋው ርካሽ ነው። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ደግሞ አቻ የለውም። ሁሉንም እነካቸዋለሁ፤ እኩል ጊዜ ግን አልሰጣቸውም።

ከክሮስኦቨሩ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ብዙ ባለ ሁለት ድራይቨር ስፒከሮች ሥራውን የሚያከፋፍሉት ከ2,000 እስከ 3,000 ሄርዝ አካባቢ ነው (ሄርዝ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር ነው፤ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል)። የሰው ጆሮ በጣም ንቁ የሚሆነው ደግሞ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ስፌቱ የሚያርፈው እንግዲህ ዓይን በሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ዘፋኟ «ሰላም» ስትል «ሰ»ዋ ከትዊተሩ፣ «ላ»ዋ ከወፈሩ ይወጣል። በደንብ ከተሠራ አይታወቅም። በችኮላ የተሠራው ላይ ግን፣ በተለይ ቀረብ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው፣ ድምፁ ሁለት ቦታ እንዳለ ያስታውቃል። ባለ አንዱ ይህ ጣጣ የለበትም። ሰውዬው እዚያ ቆሟል፣ ይዘፍናል፣ በቃ። እኔን የያዘኝም ይኸው ነው።

ግን «ክሮስኦቨር የለውም» ማለት «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ድምፁ ወፍራም ሲሆን ወረቀቱ እንደ አንድ አካል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። እየቀጠነ ሲመጣ ጠርዙ ከመሃሉ ጋር መራመድ ያቅተዋል። የራሱን ንቅናቄ ይጀምራል፣ ሥራውን ቀስ በቀስ መሃሉ ብቻ ይረከበዋል። አንዳንዶቹማ እንዲያውም መሃላቸው ላይ ሁለተኛ ትንሽ የወረቀት ኮን ተለጥፎባቸዋል፤ ዊዘር ይሉታል፣ ቀጭኑን እንዲያግዝ። ይህ እንግዲህ ምንድን ነው? ከተለመዱት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ ከኮይልና ከካፓሲተር፣ ይልቅ በወረቀትና በሙጫ የተሠራ ክሮስኦቨር ነው። መከፋፈሉ አልቀረም፤ የሚያከፋፍለው ነው የተለወጠው።

የኔን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ፍቅር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ዘፋኝ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለችና «ይቺ ሴትዮ ምን አድርገናት ነው የምትጮህብን?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ሳጥኖቼ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው ስፋታቸው። እንዲህ ባለ ጠባብ ሳጥን ከ600 ሄርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ ሳጥኑን እየዞረ ወደ ኋላም ይሄዳል። ቀጭኑ ግን ፊት ለፊት ይተኮሳል። በዚህ ብቻ ወፍራሙ ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሊያንስ ይችላል። የወረቀቱ የራሱ ጩኸት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ኮይልና አንድ ሬዚስተር ጎን ለጎን አስረህ በስፒከሩ መስመር ላይ ማስገባት። መሃሉና ቀጭኑ ይቀንሳል፣ ሚዛኑ ይመለሳል። ኮይሉን የጠቀለለልኝ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። «ወንድሜ፣ ሰው ድምፅ ሊያስጨምር ይመጣል፤ አንተ ልታስቀንስ?» ብሎ ስቆብኛል። በአንድ ቀን ተሠራ፣ ሴትዮዋም መጮህ አቆመች። የኔ «ምንም ዕቃ የሌለው ንጹሕ መስመር» ዕድሜው እንግዲህ ሁለት ሳምንት ነበር። ጸሐፊው ያለዚህ ማስተካከያ የሚሰሙ ከሆነ ጆሯቸውን አደንቃለሁ።

«ለንግድ ብለው ተዉት» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ራይስና ኬሎግ የሚባሉት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች ዛሬም የምንጠቀምበትን ዓይነት ስፒከር ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው የቤት ሬዲዮ ባለ አንድ ነበር። ሥራውን ለሁለት መክፈሉ የገነነው ሲኒማው መናገር ከጀመረ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ። ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽን በአንድ ወረቀት መሙላት አልተቻለም። ነገሩ ተንኮል ሳይሆን የአዳራሽ ስፋት ነው። ደግሞስ ማን ተወው? የወላጆቻችን አንድ ስፒከር ያለው ቴፕ ባለ አንድ ድራይቨር ነበር። ጸሐፊው እንደ ብርቅ የጻፉለት ነገር በየቤቱ ቡፌ ላይ፣ ጥልፍ ለብሶ፣ ሃያ ዓመት ተቀምጧል። ሙዚቃ የሚቀላቅሉ ባለሙያዎችም ኦራቶን የምትባለዋን ባለ አንድ ድራይቨር ትንሽ ሳጥን ስቱዲዮ ውስጥ ያኖራሉ። ድምፃዊው በትንሽ ስፒከር ላይ ሲሰማ ከመሣሪያው በላይ መውጣት አለመውጣቱን ይፈትሹባታል። የዚህ ነገር ጥንካሬ መሃሉ ላይ እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ።

የሁለት ዋቱ ነገር ግን ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። ይህ አባባል ከየት መጣ? ፖል ቮይት የሚባል ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ትልቅ ማግኔትና ቀላል ወረቀት ያለው ስፒከር ሠራ። መንገዱን በኋላ የቀጠለው ሎውዘር የሚባለው ኩባንያ ነው። እንዲህ ያሉት በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ከ95 ዴሲቤል በላይ ያወጣሉ። ለእነሱ ሁለት ዋት በእውነት ብዙ ነው። የኔዋ 10 ሳንቲ ሜትር ግን 89 ነች። አብዛኛው ሰው በአቅሙ የሚያገኘውም ይህን መሰሉን ነው።

በዚያ ላይ ጸሐፊው የረሱት አንድ ነገር አለ፤ የት እንዳለን። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። አየራችን ቀጭን ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው አየር በአምስተኛ ያህል ይቀላል። ስፒከር ማለት አየር የሚገፋ ወረቀት ነው፤ የሚገፋው ከቀለለ ድምፁም ያንሳል። ሲሰላ 2 ዴሲቤል ገደማ ይመጣል። 2 ዴሲቤል ለመመለስ ደግሞ ኃይሉን በ1.6 ማባዛት ነው። ፋብሪካው ወረቀቱ ላይ የጻፈልህ 89 የተለካው እንደኛ ከፍታ ላይ ካልሆነ፣ እኛ ሰፈር 87 ነው። ለሯጮቻችን የጠቀመ አየር ስፒከሬን ጎድቶብኛል።

ስሌቱን እስከ ሶፋዬ ልቀጥለው። የምቀመጠው ሁለት ሜትር ተኩል ርቄ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ቢሆን በዚህ ርቀት 8 ዴሲቤል ይወርዳል። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ጥቂቱን ይመልስልሃል፤ ሁለተኛው ስፒከርም ይጨምራል። በ1 ዋት 82፣ 83 ዴሲቤል ልበል። ለማዳመጥ በቂ ነው ትላለህ። ነው፤ ሙዚቃው ጸጥ ብሎ ከሄደ። ግን ከበሮ ሲመታ ጫፉ ከአማካዩ 10፣ አንዳንዴም 20 ዴሲቤል ይዘላል። 10 ዴሲቤል ማለት አሥር እጥፍ ኃይል ነው። 20 ማለት መቶ እጥፍ ነው። ሁለት ዋት ባለው አምፕ የመጀመሪያው ከበሮ ሲመታ የምትሰማው ሙዚቃ አይደለም፣ መሰንጠቅ ነው። እኔ 20 ዋት እጠቀማለሁ። ብዙም የሚተርፈኝ የለም።

ቤዝ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን በፍጹም አልስማማቸውም። ሳጥን ይረዳል፤ ከምንም ግን አያመጣም። አንድ ሲኒ አስቡ። የኔ ስፒከር ወረቀት 50 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሚሊ ሜትር ቢመላለስ የሚገፋው አየር 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ ሲኒ ቡና ቢሆን ነው። በዚያ ግማሽ ሲኒ ነው ሳሎኑን የምሞላው። ሕጉ ደግሞ ጨካኝ ነው። ከ80 ወደ 40 ሄርዝ ለመውረድ፣ በዚያው ጩኸት፣ አራት እጥፍ አየር መግፋት አለብህ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ነው። ከየት ይምጣ?

ሳጥን ላይ የሠራሁትን አላማርርም። ወደ 50 ሄርዝ እንዲወርድልኝ አንድ ሜትር ከ70 የሚሆን የአየር መንገድ ውስጡ አጠፍኩበት። ይህ ርዝመት የ50 ሄርዝ ሞገድ ሩብ ነው። ከፍታችን የድምፅን ፍጥነት ስለማይቀይረው ይህ ስሌት እንኳ እንደ ፈረንጁ ይሠራል። የቆረጠልኝ አናጢ ሰፈራችን ነው። ኮምፔንሳቶውን ከቆረጠ፣ ፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ካወጣ፣ ውስጡን በክፍልፋይ ከከፈለ በኋላ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየው። «ጋሼ፣ እርግብ ሊያረቡ ነው?» አለኝ። ስፒከር ነው ብለው አላመነኝም፤ ድምፅ ሲወጣበት ካልሰማሁ አለ። ሲሰማ «ጥሩ ነው፤ ቤዙስ?» አለ። አናጢው በአንድ ደቂቃ የጠየቀውን ጸሐፊው በሙሉ ጽሑፋቸው አልጠየቁም።

እዚህ ላይ ራሴንም ልቃወም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤዝ ማነስ ጸጋ ነው እላለሁ ሁሌ። ብሎኬት ግድግዳው ቀጭኑን ድምፅ ያቆማል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። ጎረቤቴ ምን እየሰማሁ እንደሆነ ሳያውቅ ምቱን ብቻ ነው የሚቆጥረው። የኔ ስፒከር ስለማይመታ ከጎረቤት ጋር ተዋድጄ እኖራለሁ። ሌሊት እዚህ ዳር ላይ ከሩቅ ጅብና ውሻ ካልሆነ የሚረብሽ የለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እሰማለሁ። ጥሩ። ችግሩ፣ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ከሁሉ አብልጦ ቤዙን ነው የሚጥለው። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ለሚሰማ ሰው ቤዝ መብዛት እንጂ ማነስ አልነበረበትም። ለጎረቤት የሚመቸውና ለጆሮዬ የሚመቸው አልገጠሙልኝም።

«የትም ቢቀመጡ እኩል ይሰማል» የሚለውን ያነበብኩት ሳቄን ይዤ ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የድምፁ ሞገድ ከወረቀቱ ስፋት ሲያጥር ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ይጠባል። የኔዋ ላይ ይህ ከ4,000 ሄርዝ አካባቢ ይጀምራል። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነች ስፒከር ላይ ከ2,000 ገደማ። ትዊተር ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው፤ ቀጭኑን እንዲበትን።

ባለፈው እሑድ አማቴ መጡ። ቡና ተፈላ። ጀበናው ያለው በረንዳው በር አጠገብ ነው፤ እሳቸውም እዚያው ጎን ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኔ እንደ ልማዴ መሃል ሶፋው ላይ ነኝ፣ ድምፁ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር መሰለኝ። «ልጄ፣ አፉን ሸፍነህበታል እንዴ?» አሉኝ። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እውነትም፣ ጨርቅ ጣል የተደረገበት ይመስላል። ጸናጽሉ የለም፣ የዘፋኙ ቃል ይዋጣል። ሳጥኖቹን ትንሽ ወደ ጎን አዞርኳቸው። እሳቸው ተደሰቱ፤ የኔ ሶፋ ተበላሸ። ከሄዱ በኋላ መለስኳቸው፤ ወለሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ። ይህ ስፒከር የአንድ ሰው ስፒከር ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ለሚሰማበት ቤት አልመክረውም።

የኢትዮጵያ ሙዚቃስ? የትኛው? ጥያቄው ይኸ ነው። ሁዳዴ ሲገባ በገና ከፍቼ እሰማለሁ። በገና አሥር ጅማት ክሮች አሉት። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግን በክሩና በመቀመጫው መካከል ያለችው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራዋ፣ ያንን እንደ ንብ የሚል እዝታ ትሰጠዋለች። አንዱ ክር ሲመታ ከታች ጉምታው፣ ከላይ እዝታው አብረው ይወጣሉ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ከአንድ እንጨት ነው የሚመጡት። ወንድሜ ቤት ባለው ባለ ሁለት ድራይቨር ስፒከር ያንኑ ቅጂ ቀረብ ብዬ ስሰማው ንቧ ከበገናው ትንሽ ከፍ ብላ የምትበር መሰለኝ። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ ክራርም፣ ዋሽንትም። የሰው ድምፅ ብቻውን ከሆነ ደግሞ አይጠየቅ። እዚህ ላይ ጸሐፊውን እቅፍ አድርጌ እስማቸዋለሁ።

የሠርግ ዘፈን ክፈቱ እስቲ። ከበሮው፣ ቤዝ ጊታሩ፣ ኪቦርዱ፣ እልልታው በአንድ ላይ። ያቺ ወረቀት ለከበሮው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወረወረች በዚያው ቅጽበት ዘፋኟን ማውጣት አለባት። የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ድምፁ ይዋዥቃል፤ አምቡላንስ ሲያልፍ ድምፁ እንደሚለወጠው። ዶፕለር የሚሉት ነው። በዝቅታ ስሰማው አይታወቅም። ከፍ ሳደርገው ግን ከበሮ በተመታ ቁጥር ዘፋኟ ትንቀጠቀጣለች፤ ጎርባጣ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ጭፈራ የፈለገ ሞንታርቦ ይከራይ። «ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አቻ የለውም» ከማለት «ለበገናና ለማሲንቆ» ማለት ይሻላል።

ርካሽ ነው ለሚለው ዋጋ አልጠራም፤ ሳምንት ሳይሞላ ይለወጣል። እንደ ጃፓኑ ፎስቴክስ ያለ ስም ያለው ስፒከር ከውጭ ማስመጣት፣ ቀረጡ፣ እንጨቱ፣ አናጢው፣ ሲደመር ርካሽ አይደለም። መሞከር ብቻ የፈለገ ግን ምናለሽ ተራ ይሂድ። ከመኪና በር የተፈታ ጥንድ ስፒከር ይግዛ፤ ወረቀቱ ያልተቀደደ፣ በጣት ሲገፋ የማይፋጭ። ሳጥን እንኳ አያስፈልገውም። ሰፋ ያለ ኮምፔንሳቶ ላይ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ጀርባው ክፍት እንደሆነ ማቆም ነው። የመኪና ስፒከር ብዙ ጊዜ ለዚህ ይመቻል። ቢያስጠላው ያወጣው ጥቂት ነው።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ሥር አንድ ሳጥን አለ። ውስጡ ከዚያው ከምናለሽ ተራ ያገኘሁት 20 ሳንቲ ሜትር ወፈር አለ፣ የራሱ አምፕ ያለው። ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እሱ ይሠራዋል፤ ትናንሾቹ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ። ስፌቱ 2,500 ላይ መሆኑ ቀርቶ 200 ላይ ወረደ፤ የዘፋኟ ቃል ሙሉ በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ቀረ። ወረቀቷም መወርወሯ ቀነሰ፣ ዘፋኟ ከሚኒባሱ ወረደች። አናጢውም አንድ ቀን መጥቶ ሰማና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጸሐፊው ይህን ሲያነቡ ከማኅበሩ እንደሚያባርሩኝ አውቃለሁ፤ ክሮስኦቨር አስገብቻለሁና።

ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ለጎረቤት ብዬ የወፈሩን ሶኬት እነቅላለሁ። ትናንሾቹን ወፍራሙንም ቀጭኑንም ራሳቸው ወደሚሠሩበት እመልሳቸዋለሁ፣ በእርሳስ ምልክቷ ላይ መቆማቸውን አያለሁ፣ መሃል ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ። በገና እከፍታለሁ። እስከምተኛ ድረስ ቤቴ ውስጥ ያለው እሳቸው የጻፉለት ስፒከር ብቻ ነው።